ከኤክሴል ሠንጠረዥ የሚወጣ መጠይቅ

እሷ፦ የቤት ለቤት መጠይቅ ስልክ ላይ ለመጫን የግድ ፕሮግራመር አያስፈልግም ስትል እንዴት ነው?

እሱ፦ ኤክስኤልኤስ ፎርም የሚባል አሠራር አለ። ጥያቄዎችሽን ኤክሴል ላይ በየረድፉ ትጽፊያለሽ፤ መልሱ ቁጥር፣ ቀን ወይም ምርጫ መሆኑን በዓምድ ትገልጫለሽ። ፋይሉን ኮቦ ቱልቦክስ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መድረክ ላይ ስትጭኚው ቅጹ ተሠርቶ ይወጣል። አማርኛውና ኦሮምኛው በየዓምዳቸው ስለሚገቡ፣ ጠያቂዋ በቦታው ቋንቋ ታነባለች። እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝ ይኼ ነው።

እሷ፦ ዕድሜ 25 ልትል 250 ብትጽፍስ?

እሱ፦ ከ120 እንዳይበልጥ ገደብ ካስቀመጥሽ ስልኩ አይቀበላትም። ካላስቀመጥሽ ያልፋል።

እሷ፦ እንግዲህ ድካሙ ሠንጠረዡ ላይ ነዋ! ቅጹ ወንዱን አባወራ «ነፍሰ ጡር ነሽ?» እንዳይለው ማን ያስብለታል?

እሱ፦ ለእሱም ዓምድ አለ፤ «ሴት ከሆነች ብቻ ጠይቅ» ይባልበታል። የሚሞላው ግን አርቃቂው ነው።