ነጭ ልብስና የሐዘን ዓመት

(በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ልብስ ጥቂት እንድንናገር ስለ ፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን። «ስለ ልብስ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን የዕድር ነገር ነው።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ አገሩ ነጭ ይለብሳል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ይልቁንም ለጥምቀት። በነሐሴ ጭቃ ማን ነጭ ይጎትታል? በእንዶድ ታጥቦ ሣጥን የገባው ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ሐዘንተኛ ግን ከዚህ ውጭ ነው። ከል ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ እስከ ሙት ዓመቱ ይቆያል።

እኛ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አባታችን ዐረፉ። ታናሽ እኅታችን ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናታችን ገና በመስከረም ለጥምቀት ብለው ጥልፍ ቀሚስ አሰፍተውላት ነበርና፣ የከተራ ዕለት አውጥታ ለበሰችው። አንዲት ጎረቤት በደጅ ሲያልፉ አይተው፣ «የአባቷ ዐፈር ሳይደርቅ!» አሉ። እናታችን አፍረው አስወለቋት። ታቦቱ ሲያልፍ በአጥር ቀዳዳ አየችው። በዓመቱ ቀሚሱ ጠቧት ነበር። እኛ ወንዶቹ ኮታችን ላይ ጥቁር ጨርቅ አሰፍተን ጃን ሜዳ ወርደን ነበርና ይህን አላየንም። ያጫወተችንም ዘንድሮ፣ አያት ከሆነች በኋላ ነው።

ጥቁሩ ጥቅም የለውም አንልም። ያዘነ ሰው በመንገድ ሲያጋጥመን «እግዜር ያጥናህ» እንድንል፣ በፊቱም እንዳንሥቅ ያሳስበናል። ነጠላ ማዘቅዘቁ ግን ይህንኑ ይሠራል፣ ገንዘብም አያስወጣም። የዕድሩን መዝገብ ስንይዝ ያየነው አለ፤ ከዕድር የተከፈለው ገንዘብ እጅ ላይ ሳያድር ለቤተ ሰቡ ሁሉ የጥቁር ልብስ መግዣ ይሆናል። ስምንትና ዘጠኝ ነፍስ ላለበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

ሙስሊም አባሎቻችን በዚህ ይበልጡናል። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ጌጧን ትታ ትቆያለች፤ ሌላው ዘመድ ሦስት ቀን። ልኩ ስለ ታወቀ ማንም አይጨምርበትም። በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ አርባውና ሙት ዓመቱ የጸሎትና የተዝካር ቀን ናቸው፤ የጥቁሩን ልብስ ልክ የያዘው ግን ጎረቤት ነው።

እንግዲህ የእኛ አሳብ፣ እስከ አርባው ቀን ሁላችን እንጠብቀው፤ ከዚያ ወዲያ ለሐዘንተኛው እንተውለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከል ልልበስ ያለም ይልበስ፣ ማን ይከለክለዋል። ሕፃናቱን ግን ከመጀመሪያውም ባንጨምራቸው ደግ ነው።

ዘንድሮ ከመካከላችን ባል የቀበሩ፣ ልጅ የቀበሩ አሉ። የከተራ ዕለት ነጭ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ብናገኛቸው ምን እንደምንላቸው ዛሬ ከዚህ ሳንነሣ ተነጋግረን እንለይ። አሳብ ያለው እጁን ያውጣ።