በጎረቤት መሬት ላይ የቀረ የጠፈር ጦር

እ.ኤ.አ. በ1991 መጨረሻ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወታደራዊ የጠፈር መርሐ ግብሯ፣ ማለትም የስለላ፣ የመገናኛና የአቅጣጫ ጠቋሚ ሳተላይቶችን የሚያመጥቀውና የሚቆጣጠረው ተቋም፣ በልዩ ልዩ አገሮች መሬት ላይ ተበትኖ ቀረ። ዋናው የማምጠቂያ ጣቢያ ባይኮኑር በካዛክስታን፣ ዘኒት የተባለውን ሮኬት የሚሠራው ፋብሪካ በዩክሬን፣ የጠላትን ሚሳይል ከሩቅ የሚያዩት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ራዳሮች ደግሞ ከፊሎቹ በላትቪያ፣ በዩክሬን፣ በአዘርባጃንና በካዛክስታን ነበሩ።

ሩሲያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1992 የጠፈር ኃይሏን ራሱን የቻለ ክፍል አድርጋ አቋቋመች፤ በ1997 ከስትራቴጂክ ሮኬት ኃይሎች ጋር ቀላቀለችው፤ በ2001 መልሳ ለየችው። የጉዳዩ ቋጠሮ ግን በሞስኮ የመዋቅር ለውጥ ሳይሆን ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ውል ላይ ነበር፤ ወታደርና ሰነድ ወደ አገር ቤት ሊመለስ ሲችል፣ በኮንክሪት የታነጸ የማምጠቂያ መድረክ የትም አይሄድምና።

ሩሲያ በሰሜን ፕሌሴትስክ የተባለ የራሷ ጣቢያ ነበራት። ሆኖም ምድር ስትሽከረከር ለሮኬቱ የምታበረክተው ፍጥነት ወደ ምድር ወገብ በተቀረበ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ከሰሜን የሚነሣ ሮኬት ከምድር ወገብ በላይ ወዳለው ከፍተኛ ምህዋር የሚያደርሰው ጭነት ያነሰ ነው፤ ከባዱ ፕሮቶን የሚነሣበት መድረክም በባይኮኑር ብቻ ነበር። በ1992 መጀመሪያ በዚያው በባይኮኑር የግንባታ ወታደሮች ባመፁ ጊዜ፣ ጣቢያው የማን እንደሆነ ሳይወሰን መቆየቱ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ታየ። በመጨረሻም ሩሲያ በ1994 ጣቢያውን በዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር ተከራየች፤ ውሉም በ2004 እስከ 2050 ተራዘመ።

በላትቪያ ስክሩንዳ የሆነው ሌላ ነው። ገና በግንባታ ላይ የነበረው ግዙፍ የራዳር ሕንፃ በግንቦት 1995 በፈንጂ ፈረሰ፤ አሮጌው ራዳርም በስምምነቱ መሠረት እስከ ነሐሴ 1998 ብቻ ሠርቶ ተዘጋ፤ የሩሲያም ጥበቃ በሰሜን ምዕራብ በኩል በቤላሩስ ባራኖቪቺ አዲስ ራዳር ሥራ እስኪጀምር ድረስ ክፍተት ነበረበት።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያጣው እንደ ባይኮኑሩ ያለውን ከጎረቤት ጋር የሚደረግ ውል ነው፤ ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ በ1983 ዓ.ም. ብዙ መርከቦቹ ወደ የመን ሸሹ፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን ኃይሉ የራሱ ወደብ የሌለው ሆነ፣ በጅቡቲ የቀሩትም መርከቦች እ.ኤ.አ. በ1996 ለጨረታ ቀረቡ። የባሕርተኞቹ የብዙ ዓመት ሙያ አብሮ መበተኑ ከመርከቦቹ የከበደ ኪሳራ ነው። ኃይሉን መልሶ የማቋቋም ዕቅድ በ2010 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግም፣ መርከቦቹ በየትኛው ጎረቤት ወደብ እንደሚያርፉ ከመርከቦቹ ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነበር።