የሸጥነውን ሽምብራ መልሰን አንግዛ

ወገኖቼ፣ በአቃቂ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል። ገበሬው ሽምብራውን ጭኖ አቃቂ ገበያ ይወጣል፤ በኪሎ ይሸጣል። ቀትር ሲሆን ይርበዋል። ምግብ ቤት ገብቶ ሽሮ ያዛል። ሽሮው ከምን ተሠራ? ከሽምብራ አይደለም እንዴ? በርካሽ የሸጠውን በውድ መልሶ ገዛው ማለት ነው።

እስቲ እናስላ። ምሳው 100 ብር ነው እንበል። ከቤት የሚያዝ ስንቅ እህሉም ማገዶውም ተቆጥሮ 30 ብር ቢፈጅ፣ 70 ብር ይተርፋል። በየሳምንቱ አንድ ቀን ገበያ የሚወጣ ሰው በዓመት 52 ጊዜ ይወጣል። 70 በ52 ሲባዛ 3640 ብር ይሆናል።

«ታዲያ ሚስቴ ሌሊት ተነስታ ታብስል?» የሚል ይኖራል። የለም! ማታ ራት በበሰለበት እሳት ቆሎ ይቆላል። አባወራው ራሱ ቢቆላው ምን አለበት? ወጥ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ቆሎ፣ በሶና ዳቦ ግን ይቆያሉ።

ስንቅ መያዝ ነውር አይደለም። አባቶቻችን ሩቅ አገር የሄዱት በሶ ቋጥረው ነው። ነውሩስ ብር በምግብ ቤት አልቆ ልጅ ደብተር ሲያጣ ነው።