የጨረቃ ኢንዱስትሪና የቡታጅራ ጠጠር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የጨረቃ ኢንዱስትሪ በተነሣ ቁጥር የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ መንኮራኩሩ ያዘነብላል። መንኮራኩሩ ግን ማጓጓዣ ነው። ዋናው ሥራ ዐፈር መዛቅ፣ ማመላለስና ማቅለጥ ሲሆን፣ ይህንም የሚሠራው ቢሰበር ጠጋኝ የማይደርስለት ሮቦት ነው።

ስለዚህ ነገሩን ከቡታጅራ መጀመር ያስኬዳል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለምትገኝ፣ በአካባቢዋ እሳተ ገሞራ የቆለላቸው የጠጠር ጉብታዎች ይታያሉ፤ ከዚያው የማይርቀው የሐረ ሸይጣን ሐይቅም በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው። በዚህ ምድር በብዛት የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። በጨረቃ ፊት ላይ በዓይን የሚታየው ጥቁር ምልክትም ሰፊ የባዛልት ሜዳ ነው። ዝምድናው ግን ሙሉ አይደለም። የምድሩን ዐፈር ውሃና ነፋስ ሲያለዝቡት ይኖራሉ፤ በጨረቃ ላይ ሁለቱም ስለሌሉ ትቢያው እንደ ተፈጨ ጠርሙስ ስለታም ነው። የአፖሎን ጠፈርተኞች ልብስና መሣሪያ የፋቀውም ይኸው ትቢያ ነበር። ይሁን እንጂ አሜሪካውያን ጄ.ኤስ.ሲ.-1 የተባለውን አስመሳይ የጨረቃ ዐፈር ያዘጋጁት በአሪዞና ከሚገኝ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1970 በጨረቃ ላይ ያሳረፈችው ሉኖኮድ 1 በዐሥር ወር ገደማ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ተጓዘ። ነጂዎቹ በምድር ተቀምጠው ነበር፤ ትእዛዝ ሄዶ ምላሽ እስኪመጣ 2.6 ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ሁለት ሳምንት የሚዘልቀው ሌሊት ሲመጣ ተሽከርካሪው ክዳኑን ዘግቶ በሬዲዮአክቲቭ ሙቀት ያድር ነበር።

የአፖሎ ስድስት ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም አመጡ፤ የቻይናው ቻንግኧ 5 እ.ኤ.አ. በ2020 1,731 ግራም፣ ቻንግኧ 6 በ2024 ከማይታየው የጨረቃ ገጽ 1,935 ግራም ጨመሩ። የሶቪየቶቹ ታክሎበት እንኳ ድምሩ አራት ኩንታል አይሞላም። ኢንዱስትሪ ግን በቶን ይቆጥራል። ከዐፈሩ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ኦክሲጅን ቢሆንም፣ ከሲሊኮንና ከብረት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለመፍታቱ ብርቱ ሙቀትና ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ከዚያም በፊት መንገድና ማረፊያ ሜዳ ሊነጠፍ ይገባል፤ አለዚያ የሚያርፈው መንኮራኩር የሚያስነሣው ትቢያ በአካባቢው ያለውን መሣሪያ ሁሉ ይመታል። ከፋብሪካ መንገድ እንደሚቀድም ለጉራጌ ሕዝብ መንገር ግን አያሻም፤ ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ ለሚደርሰው መንገድ ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቷል።

ኢትዮጵያ የፈረመችው የ1967ቱ (እ.ኤ.አ.) የጠፈር ውል ማንም መንግሥት ጨረቃን ግዛቴ እንዳይል ይከለክላል። ተቆፍሮ የወጣው ማዕድን የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። አሜሪካ በ2015 ለራሷ ዜጎች የባለቤትነት መብት በሕግ ሰጥታለች። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ በእጁ ሙከራ የሌለው አገር ግን በዚያ ጉባኤ አድማጭ ከመሆን አያልፍም።

ሙከራው ደግሞ መንኮራኩር አይጠይቅም። በጉብሬ ለሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሣጥን የተፈጨ የቡታጅራ ጠጠር፣ አንድ አካፋ ያለው ተሽከርካሪና ትእዛዙን 2.6 ሴኮንድ የሚያዘገይ ኮምፒውተር ለመነሻ ይበቃዋል።