አንድ ሴል፣ ሙሉ ሠራዊት

ዛሬ ስለ ደም እናወራለን።

አጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ የደም ፋብሪካ ነው። ሥራውን የሚጀምሩት ስቴም ሴል የሚባሉ እናት ሴሎች ናቸው። ለዚህ የመጀመሪያውን ማስረጃ በ1961 ያወጡት ቲል እና ማክሎክ የተባሉ የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ናቸው። እናት ሴል ስትከፈል ራሷን የምትመስል ታስቀርና ሌላዋን ለሥራ ትልካለች።

የተላከችው ሁለት መንገድ አላት። በአንዱ ቀይ የደም ሴል፣ ደም የሚያረጉ ሴሎች፣ ወይም ጀርም የሚውጡ ነጭ ሴሎች ይወጣሉ። በሌላው ደግሞ ቢ እና ቲ ሴሎች። ቢ ሴሎች እዚያው መቅኔ ውስጥ አድገው በኋላ ጀርም ላይ የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ያመርታሉ። ቲ ሴሎች ግን ገና ሳይበስሉ ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለው ታይመስ ይሄዳሉ። ታይመስ ማለት ቲሮኑት በሉት። የራሱን አካል የሚያጠቃ ቲ ሴል እዚያው ይወገዳል። አብዛኞቹ ፈተናውን አያልፉም።

ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን? ሉኪሚያ የያዘው ሰው አንዳንዴ የሌላ ሰው ስቴም ሴል ያስፈልገዋል። ሴሉ እንደ ደም በደም ሥር ይሰጠዋል፤ መቅኔውንም ራሱ ፈልጎ ይገባል። ከዚያ የሚወለደው አዲስ ሠራዊት ግን የለጋሹ ነው። የሁለቱ ሰዎች የሴል መታወቂያ ካልተመሳሰለ፣ ሠራዊቱ በሽተኛውን እንደ ጠላት ያያል።

ይህን መታወቂያ ግማሹን ከአባት፣ ግማሹን ከእናት እንወርሳለን። ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ከቤት ከጠፋ የሚገጥመው ሰው ይበልጥ የሚገኘው ከዚያው ዘር ነው። ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ ልጅ ሲታመም፣ የሚፈለገው ሰው ከኛው መሀል የመሆኑ ዕድል ትልቅ ነው።

አውቃለሁ፣ ደም ሲባል እናቶቻችን 1996ን ያስታውሳሉ። የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲሰሙ አደባባይ ወጡ። ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ «እርሱት» አልልም። ግን ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ የሚጠብቀው የኛው ልጅ ነው።

መመዝገብ ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ መጥረግ ብቻ ነው። ባኩም ስትገቡም ሊጠይቋችሁ ይችላል። ከዚያ በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ ከእናት ከአባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ደህና ሁኑልኝ።