ሙያን የሚሰይሙ የላቲን ቅጥያዎች፦ ሰዋስውና ማኅበራዊ ክብር



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። ሮማውያን ባለሙያን ሲሰይሙ ለሙያው ያላቸው ክብር ወይም ንቀት በቃሉ ቅጥያ ውስጥ ይገኛልን?

ላቲን ለዚህ ተግባር በዋናነት ሁለት ቅጥያዎችን ይጠቀማል። «-ቶር» ከግሥ ጋር ይጣመራል፤ «ዶኬሬ» ማስተማር ሲሆን «ዶክቶር» አስተማሪ ነው። «-አሪዩስ» ደግሞ ከስም ጋር ይጣመራል፤ «አርጌንቱም» ብር ሲሆን «አርጌንታሪዩስ» ገንዘብ መንዛሪና አበዳሪ ነው። በአማርኛም ከ«ጻፈ» ጸሐፊ፣ ከ«ጋዜጣ» ጋዜጠኛ እንላለን። አንደኛው መንገድ ሰውን በድርጊቱ፣ ሁለተኛው በሚውልበት ነገር ይጠራዋል። ለሴት «-ቶር» ወደ «-ትሪክስ» ይለወጣል፤ አዋላጇ «ኦብስቴትሪክስ» ትባላለች፤ ትርጉሙም ከፊት የምትቆም ማለት ነው።

«ፒስቶር» የሚለውን ቃል በተለይ እንመልከት። የተገኘው መውቀጥ ከሚል ግሥ ነው፤ የጥንቱ ሮማዊ እህሉን በሙቀጫ ይወቅጥ ነበርና። ወፍጮ ሙቀጫውን ከተካ በኋላ ግን ስሙ ሳይለወጥ ዳቦ ጋጋሪ የሚለውን ትርጉም ያዘ።

ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት በጻፈው «ስለ ግዴታዎች» በተሰኘ ሥራው ለጨዋ ሰው አይገቡም የሚላቸውን ሙያዎች ሲዘረዝር፣ ከጥንቱ ባለተውኔት ከቴሬንቲዩስ በተዋሰው ስንኝ፣ የዓሣ ነጋዴዎቹን «ኬታሪ» እና አጥማጆቹን «ፒስካቶሬስ» በአንድነት ያነሣል። የመጀመሪያው የ«-አሪዩስ»፣ ሁለተኛው የ«-ቶር» ወገን ነው፤ ንቀቱ ሁለቱንም እኩል ደርሷቸዋል።

በሮም ፖርታ ማጆሬ አጠገብ ደግሞ በዚያው ምእተ ዓመት መገባደጃ ገደማ የተሠራ የዳቦ ጋጋሪው የኤውሪሳኬስ መቃብር ቆሟል። በድንጋዩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ፒስቶር» እና ሥራ ተቋራጭ ማለት የሆነው «ሬዴምፕቶር» ተቀርጸዋል። ከላይ ያለው ቅርጽ እህል ሲፈጭ፣ ሊጥ ሲቦካ፣ ዳቦ ሲጋገርና ሲመዘን ያሳያል። ሲሴሮ ለንቀት የጠቀሰውን ቅጥያ ይህ ሰው ለመታሰቢያው መርጦታል።

እንግዲህ ቅጥያው ስለ ክብር የሚናገረው ነገር የለም። በአገራችንም «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ከ«ጸሐፊ» አያንስም፤ ስድብ ያደረገው ተናጋሪው ኅብረተሰብ ነው። ስለዚህ በጥንታዊ ጽሑፍ የሙያ ስም ሲያጋጥማችሁ የቃሉን አመጣጥ ከመረመራችሁ በኋላ፣ ስሙን የተናገረው ሙያተኛው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው ብላችሁ ጠይቁ።