ከአባይ ወዲህም ወዲያም ላለ ሕመምተኛ



የዛሬ ተመራቂ ነርሶች፣ ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ ቡሬ ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ወደ እንጅባራ ይወጣል፤ ሌላው አባይን ተሻግሮ ነቀምት ይገባል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነርሷ ልዕልት ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. እዚያው ነቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት ሲያርፉ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ቤተሰባቸው እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ ለንደን ባለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። ሙያውን የለመዱት ቋንቋውም ጸሎቱም ምግቡም ለእርሳቸው ባዕድ በሆነ ሕዝብ ልጆች አልጋ አጠገብ ነው።

እናንተ ለዚያ ለንደን መሄድ አያስፈልጋችሁም። በአንድ ተረኛነት ብቻ ከጃቢ ጠህናን የመጡ አዛውንት ገበሬ፣ አገውኛ ብቻ የምትናገር የአዊ እናት፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ፣ ብር ሸለቆ ለሥራ ወርዶ ወባ የጣለው ወጣት ሊያጋጥሟችሁ ይችላል።

ሕመምተኛን እንደ ባህሉ የመንከባከብን ትምህርት በዓለም ላይ መልክ ያስያዘችው አሜሪካዊቷ ነርስ ማደሊን ሌይኒንገር ናት። አስተዳደጋቸው የተለያየ ሕፃናት በአንድ ዓይነት እንክብካቤ እንደማይረጋጉ አይታ አንትሮፖሎጂ ተማረች፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዳም ከጋድሰፕ ሰዎች ጋር ኖረች። እኔን የሚያሳስበኝ ትምህርቱ ወደ ክፍል ሲገባ ዝርዝር ሆኖ መቅረቱ ነው፦ እገሌ የሚባለው ሕዝብ እንዲህ ይወዳል፣ እገሌ እንዲህ ይጠላል። ለምሳሌ ጉሙዝ ዘንድ ሴት ከቤት ርቃ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ እንዳለ ተጽፏል። ይህን ማወቃችሁ ሰው በሞላበት ማዋለጃ ክፍል ለምን እንደምትሸማቀቅ እንድትገምቱ ይረዳችኋል። ፊታችሁ ያለችው ሴት ምን እንደምትፈልግ ግን የምታውቀው እርሷ ናት። ጠይቋት።

የራሳችንን ሰው ደግሞ ሳንጠይቅ የምናውቀው ይመስለናል። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀች የገጠር እናት ማተቧን እንድትፈታ ስትታዘዝ ፊቷን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከክርስትናዋ ቀን ጀምሮ አንገቷ ላይ ያለ ክር ነው፤ ያለ እርሱ ሞት ቢመጣባት ምን እንደሚሆን እያሰበች ነው የምትተኛው። ቀዶ ሕክምናው ሆዷ ላይ ከሆነ ማተቡን በፕላስተር ሸፍኖ መተው ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁላት። የግድ መነሳት ካለበትም መቀስ አታሳዩዋት፤ እናቷ ወይም እህቷ ፈትታ እጇ ላይ ትሰርላት። የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ያንን ሁለት ደቂቃ ዕድሜ ልኳን አትረሳውም።

በሁዳዴ "በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ" የተባለ መድኃኒት ይዘው ወደ ቀበሌያቸው የሚመለሱ አባትም አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አንቱ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ መቼ እንደሚበሉ ጠይቋቸውና ሰዓቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር አስተካክሉላቸው። በረመዳን የቡሬው ሙስሊም የስኳር ሕመምተኛም ይኸው ይገባዋል። ጸበል ለሚጠመቅም ሰው በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን ንገሩት። ጸበሉን ያቃለለ ነርስ የሚመክረውን ክኒን ማን ይውጥለታል?

መምህራን ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። በተግባር ፈተና ተማሪው ሕመምተኛውን ለጠየቀው ጥያቄ ከመርፌ አወጋጉ እኩል ነጥብ ስጡት። አገውኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ተማሪዎቻችሁም ለጓደኞቻቸው የዋርዱን ቃላት ያስተምሩ፦ የት ያምዎታል፣ ጠማዎት፣ ልንካዎት።

ተመራቂዎች፣ ምደባችሁ በደረሰ ሳምንት በጤና ጣቢያው የሕመምተኞቻችሁን ቋንቋ የሚችለው ማን እንደሆነ አጣሩ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም የካርድ ክፍሉ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። ምሥጢር ጠብቆ እንዲያስተረጉም አስረዱት። የአሥር ዓመት ልጅን ግን ለእናቱ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ስለሚፈሳት ደም በልጇ አፍ አትናገርምና።